ታቹ ይረግፋል

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ግራጫ ቅንጣቶች፣ በመካከላቸው ቢጫ ማጣበቂያ፤ ቢጫው ከላይ እስከ ታች አንዱ ቦታ ሳይበዛ ሌላው ቦታ ሳያንስ እኩል ተረጭቷል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሠራችው ልጅ ስም ተጽፏል። ልጅቷ ራሷ ከስብሰባው ጠረጴዛ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስሟን ታያለች።

«እንደምታዩት እኩል ነው» አለ የምርት ኃላፊው ግድግዳውን በብዕሩ እየጠቆመ። «ኮምፒውተሩ ያለውን ነው የማሳያችሁ። ማጣበቂያው እኩል ከሆነ ምድጃው ፈጠነ ዘገየ ለውጥ የለውም። ታዲያ ንጣፉ ለምን ይላጣል? ደንበኛው ለምን ሦስት ሣጥን መለሰልን? መልሱ አንድ ነው፤ ድብልቁ ነው።» ይህን ብሎ ወደ ጠረጴዛው መጨረሻ ዞረ። «እጅህ ደክሟል፣ ሽማግሌው።»

እጅህ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥበቃው እስከ ዋና ሥራ አስኪያጇ «እርስዎ» የሚላቸውን ሰው፣ የእናቷን ወንድም፣ እናቷ ስትሞት ወስደው ያሳደጓትን አጎቷን፣ በሰው ፊት አንተ አላቸው። አጎቷ የማደባለቂያ ክፍሉ ሹም ናቸው። እጅጌው እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰማያዊ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሁለት እጆቻቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። የልጅቷ ጆሮ እሳት ሆነ።

ፋብሪካው የባትሪ ንጣፍ ይሠራል። ጥቁር ዱቄት ከማጣበቂያና ከፈሳሽ ጋር ይቦካል፤ ቡኮው ስስ የብረት ወረቀት ላይ ይቀባል፤ የተቀባው ወረቀት በረጅሙ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ እየተንሸራተተ ያልፍና ፈሳሹ ተንኖ ደረቅ ጥቁር ንጣፍ ይወጣል። ንጣፉ ላየው ሰው ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ያን ሁሉ ቅንጣት እርስ በርሱና ከብረቱ ጋር ይዞ የሚያቆየው ማጣበቂያው ብቻ ነው። የልጅቷ ሥራ ይህን የማይታይ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ነው፤ «ሞዴል» ይሉታል፤ ቅንጣቱን አንድ በአንድ ትደረድራለች፣ ቀዳዳውን ትከፍታለች፣ ማጣበቂያውን ታስቀምጣለች። ሠራተኛው «ቅንጣት» ይላታል። ቀጭንም ስለሆነች ስሙ ልክ ገጥሟታል።

የምርት ኃላፊውም ስም አለው። ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ቶሎ ቶሎ» ስለሆነ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ብሎታል፤ እሱ ዞር ሲል ደግሞ አንዱ «ቤት» ይላል፣ ሌላው «ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ ይጨርስለታል። ሰውየው ይህን አያውቅም። ቢያውቅም ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም።

ቅንጣት ያን እኩል ቢጫ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ከስምንት ወር በፊት ቶሎ ቶሎ ምድጃውን ማፋጠን ፈለገና «ሞዴልሽ ይፈቅዳል ወይ? እስከ ዓርብ ንገሪኝ» አላት። ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ፈሳሹ ሲደርቅ ማጣበቂያው እንዴት እንደሚጓዝ ቅንጣት በቅንጣት መከተል ነው፤ ኮምፒውተሩን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይይዛል። ሁለተኛው ማጣበቂያውን ገና ከመነሻው እኩል በትኖ ማስቀመጥ ነው፤ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ሻይ ሲደርቅ መሃሉ ነጥቶ ዳሩ ብቻ እንደሚጠቁር ማንም ያየዋል፤ የሚደርቅ ነገር የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ቡኮውም ምድጃው ሲፈጥንበት ፈሳሹ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ማጣበቂያውን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ላዩ ይጠግብና ታቹ ይራባል። ይህን ጠርጥራለች። ቢሆንም ዓርብ ዓርብ ነውና እኩል በትና፣ «ለጊዜው» ብላ ጻፈች።

ሪፖርቷ አሥራ አንደኛ ገጽ ላይ ማሳሰቢያ አኑራ ነበር፦ ማጣበቂያው እኩል እንደሆነ የታሰበው ለጊዜው ነው፤ ምድጃው ሲፈጥን ላይሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ ገጹን አየና «አሥራ አንደኛ ገጽ ማን ያነባል? አውጪው» አላት፤ ወዲያው በስልክም ጽፎ ላከላት። አወጣችው። ምድጃው ፈጠነ። ለሙከራም እንደ ወጉ ነጭ ጨርቅ አምጥተው የደረቀውን ንጣፍ ፊቱን ወለወሉት፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። ላዩ ማጣበቂያ ጠግቦ የለ፣ ምን ብሎ ይልቀቅ! ጨርቁ ለሞዴሉ መሰከረ፣ ሞዴሉ ለጨርቁ መሰከረ፣ ለእሷም መስኮት ያለው ክፍል ተሰጣት። ያ «ለጊዜው» ስምንት ወር ቆየ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ግን አይጧ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዳዋው ሲመታ ታያለች።

«ይሄ እኩል የተባለው...» ብላ ጀመረች ቅንጣት።

«ጥያቄ በኋላ» አለ ቶሎ ቶሎ ሳያያት።

ዋና ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አውልቀው አጎቷን ተመለከቱ። ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ግድግዳው ላይ የበራ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እጅ ያረጃል» አሉ አጎቷ። «የሚባለውን እፈርማለሁ።»

በሚቀጥለው ሰኞ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው ተወሰነ። በቸልተኝነት ድብልቅ በማበላሸት ከማደባለቂያ ክፍል ተነሥተው ወደ መጋዘን ይዛወራሉ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶት፣ ያን ሁሉ ዘመን የሠሩበት እጅ በጽሑፍ «ተበላሽቷል» ሊባል ነው።

ደረጃው ላይ ሮጣ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ ለምን ዝም ይላሉ? ለምን አይናገሩም?»

«ምን ብዬ? ኮምፒውተር ሲናገር አላየሽም?» አሉና ትከሻዋን ቸብ አደረጓት። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።» ነገሩ ቀልድ መሰለ። እሷን ግን አንጀቷን አሳረራት፤ በራሳቸው እጅ ላይ የተፈረደውን ፍርድ አምነው ተቀብለዋል ብላ አሰበች፤ ያሳመናቸውም የሷ ሥዕል ነው።

በማግስቱ ቶሎ ቶሎ ቢሮ ገባች። ቆሞ ነበር የሚሠራው፤ ወንበሩ ላይ ኮቱ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

«ያን ሥዕል ማንሳት አለብዎት» አለችው። «እኩል መሆኑን ኮምፒውተሩ አላገኘውም። እኩል አድርገህ ቁጠር ያልኩት እኔ ነኝ። የነገርኩትን ነው መልሶ የነገረኝ። በዚህ ሰው ይቀጣል?»

«ታዲያ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው?»

«እኔም ነኝ፣ ገጹን ያስወጡት እርስዎም ነዎት!»

«የቱን ገጽ?» አለ። እንዲያው ንጹሕ ሰው መስሎ። «ስሚኝ፣ ሪፖርቱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። የኔ ስም የለበትም። ለአጎትሽ ብለሽ የራሴን ጉድጓድ እቆፍራለሁ ካልሽ ቆፍሪ። መጋዘን ደግሞ ሲኦል አይደለም፤ ያርፋሉ። አሁን ሥራ አለኝ፣ ቶሎ በይ።»

በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ወደቀ። ወደ ክፍሏ ስትሄድ እግሯ ወለሉን የሚረግጠው እንደ ጠላት ነበር። ሰውየው ከተናገረው ሁሉ ይበልጥ ያናደዳት፣ ስሟ ብቻ ነው ያለው ማለቱ እውነት መሆኑ ነው። ስምንት ወር በዚያ መስኮት ዛፍ እያየች ሻይ ጠጥታለች፤ አንድ ቀን እንኳ «ያ ነገርስ?» ብላ አልጠየቀችም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እሷ ያፈሰሰችውን አጎቷ እየለቀሙላት ነው።

ዘጠኝ ቀን የለም። ንጣፉን በአራት ከፍላ አንዱን ሩብ ብቻ ወሰደች፣ ማጣበቂያውን ከፈሳሹ ጋር ፈታ ለቀቀችው፣ ምድጃውንም አሁን ባለው ፍጥነት አነደደችው። ኮምፒውተሩ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ሲያጓራ ሰነበተና ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቆመ።

ቢጫው ወጥቷል። ገና ቡኮው ሲገባ እኩል የነበረው ማጣበቂያ፣ ምድጃው መሃል ሲደርስ ወደ ላይ ተግተልትሎ ተሰበሰበ፤ ላይ ላዩን እንደ ቆዳ ሸፈነው። ታች፣ ብረቱ ዘንድ፣ ቅንጣቶቹ ራቁታቸውን ተቀምጠዋል። አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ነገር የለም። ምድጃውን ወደ ድሮው ፍጥነት መልሳ በትንሿ ናሙና ስትሞክረው ማጣበቂያው ባለበት ቆየ። ቅንጣት ደስ ሊላት ሲገባ እጇን በጡጫ ጠረጴዛው ላይ መታችው። ቀላል ነበር። ያን ጊዜ «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ያዩት ነበር።

ግን ሥዕል ሥዕል ነው። አጎቷን ያስፈረደባቸው ሥዕል ነው፤ ሌላ ሥዕል ብታመጣ «የትኛውን እንመን?» ይባላል፤ እሷም ብትሆን የመጀመሪያውን ዋሽታ የለ? እውነተኛ ንጣፍ ያስፈልጋታል፤ ምድጃው ሳይፈጥን የተሠራና ከፈጠነ ወዲህ የተሠራ፣ ያው አንድ እጅ የደባለቀው።

የት እንደሚገኝ ታውቃለች። አጎቷ በየሳምንቱ ሰኞ ከመጀመሪያው ንጣፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይቆርጣሉ፤ በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ማንም እንዲህ ያድርጉ አላላቸውም። «እማኝ» ይሉታል። «ነገ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ እማኝ አለኝ» ይላሉ፤ እስከዛሬ የጠየቀ ግን የለም። ልጅ ሆና ወደ ፋብሪካው ይዘዋት ሲመጡ ከረሜላዋን የሚደብቁላት እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ከማደባለቂያው ጀርባ ምስማር ላይ እንደሚንጠለጠል ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት የማደባለቂያ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ትልቁ በርሜል ታጥቦ አፉን ከፍቶ ይደርቃል፤ መቅዘፊያዎቹ በቁመት ቅደም ተከተል ተሰቅለዋል። መሳቢያውን ከፈተች። ትንንሽ ጥቅሎች በየወራቸው በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ከዘጠኝ ወር በፊት የተቆረጠ አንድ ወሰደችና ፊቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሳበችው። ፕላስተሩ ባዶውን ተመለሰ። ካለፈው ወር ያለውን ወሰደች፣ ለጠፈች፣ ሳበች። ጥቁሩ ንጣፍ እንዳለ ተገሽልጦ መጣ፤ ከሥሩ ብረቱ አብረቀረቀ። የተገሸለጠውን ገልብጣ ታቹን በመሐረቧ ነካ አደረገችው። መሐረቡ ከሰል የነካ መሰለ።

«አገኘሁህ!» አለች ጮክ ብላ። ቶሎ ቶሎን ማለቷ ነው።

ሌላ ልትፈታ ስትል ነው መጠቅለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያየችው። ቀኑ አለ። ከቀኑ ሥር ደግሞ የአጎቷ ድቡልቡል ፊደል፦ «ምድጃው ፈጥኗል። ላዩ ጥሩ ነው። ታቹ ይረግፋል።» ቀኑን እንደገና አየችው። ምድጃው በፈጠነ በመጀመሪያው ሳምንት። የሚቀጥለውን ፈታች፦ «ታቹ ይረግፋል።» የሚቀጥለውን፦ «ያው ነው።» የሚቀጥለውን፦ «ያው።» ሠላሳ አራት ሳምንት፣ ሠላሳ አራት ወረቀት።

አውቀዋል። ኮምፒውተር ሳይኖራቸው፣ በጥፍራቸው ጫር አድርገው፣ በመጀመሪያው ሳምንት አውቀዋል። «እጅ ያረጃል» ያሉት ውሸት ነው። ቅንጣት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ተናደደች፤ በዚያ ሳምንት ከተናደደችው ሁሉ የበለጠ ተናደደች፤ በዚህኛው ግን ውስጡ ለቅሶ ነበረበት።

እሑድ ምሳ ላይ ወረቀቶቹን ከአጎቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠቻቸው። የአጎቷ ሚስት ውሃ ሊያመጡ ተነሥተው ነበር፤ መልሰው ተቀመጡ።

«ለምን?» አለች።

አጎቷ ጉርሻቸውን አላመጡና ዋጡ። «መሳቢያ መክፈት ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ! ስምንት ወር አውቀው ዝም አሉ። ሰውየው አንተ እያለ ሲሰድብዎት ዝም አሉ። ለምን?»

«ምን ልበል?» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ በዚያ ቤት ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምታ አታውቅም። «ምድጃው ነው ብል፣ የእህቴ ልጅ ሞዴል ውሸት ነው ማለቴ አይደለም? የመጀመሪያ ሥራሽ! ስምሽ የተጻፈበት! ሰው ሁሉ ቅንጣት እንዲህ አደረገች፣ መስኮት ያለው ክፍል ገባች ሲል፣ እኔ ጥፍሬን ይዤ ሄጄ ላፍርስብሽ? እኔ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። አንቺ ገና ነሽ።»

«እኔ ለመንኩዎት? እጅዎን ይሽጡልኝ አልኩ?»

«ይብቃ እንግዲህ» አሉ ሚስታቸው። ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «እሷ ግን እውነቷን ነው። ለኔም አልነገርከኝም። ሌሊት እየተነሳህ እጅህን ስታይ ታሞ ነው ብዬ ነበር።»

አጎቷ ወረቀቶቹን ሰብስበው አጣጠፏቸው። «ቁራጮቹን አሳያቸዋለሁ ካልሽ አሳዪ። ወረቀቱን ግን አታወጪም። አውቆ ዝም አለ ከሚሉኝ፣ እጁ ደከመ ቢሉኝ ይሻለኛል። የደከመ ሰው ይታዘንለታል።» ወረቀቶቹን መልሰው ሰጧትና ምሳቸውን ቀጠሉ። ቅንጣት ግን አንድ እህል ከአፏ አልደረሰም።

ሰኞ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ። ደብዳቤው ታትሞ አጎቷ ፊት ተቀምጧል፣ ብዕር ላዩ ላይ ጋደም ብሏል። ቶሎ ቶሎ ሰዓቱን ያያል። ቅንጣት ሳትጠየቅ ተነሣች። ሁለት ቁራጭ ንጣፍ፣ ፕላስተርና ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር እዩልኝ» አለች ለሥራ አስኪያጇ። ለጠፈች፣ ሳበች። አንዱ ያዘ። ሁለተኛው እንዳለ ተገሽልጦ መጣ። ታቹን በጨርቁ ወለወለችውና ጨርቁን ዘርግታ አሳየቻቸው። «እስከዛሬ የምንወለውለው ላዩን ነበር። ማጣበቂያው ምድጃው ሲፈጥን ሸሽቶ ላይ ይሰፍራል፣ ታቹን ባዶ ያስቀራል። ኮምፒውተሩም በትክክል ሲጠየቅ ይህንኑ ይላል። ያኛው ሥዕል እኩል የሆነው እኔ እኩል አድርጌ ስላስቀመጥኩት ነው። ጥፋቱ የድብልቁ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ቁራጮች አገላበጡ። «የቱ ነው የድሮው?»

«ይሄ የያዘው።»

«በምን እናውቃለን?» አለ ቶሎ ቶሎ ፈጠን ብሎ። «ቀን የለበትም። ይሄ በደንብ የተደባለቀ፣ ያ ሳይደባለቅ የቀረ ሊሆን ይችላል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው!»

የቅንጣት እጅ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ወረቀቶቹን ጨብጧል። ካወጣቻቸው የአጎቷ እጅ ይነጻል፣ እሳቸው ራሳቸው ይከሰሳሉ። ካላወጣቻቸው ብዕሩ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ጥርሷን ነክሳ አጎቷን አየቻቸው። ከልቧ ጠላቻቸው ለማለት ይቻላል፤ ለዚያች ቅጽበት።

አጎቷ ብዕሩን ከደብዳቤው ላይ አንሥተው ወደ ጎን አደረጉት። «አውጪው» አሉ።

«ጋሼ...»

«አውጪው አልኩሽ። ያንቺን ስም ተናግረሽ ጨርሰሻል፤ አሁን የኔ ዝምታ ለማን ይጠቅማል?»

አወጣችው። ሥራ አስኪያጇ ሠላሳ አራቱንም አንድ በአንድ አነበቡ፤ «ያው»ን እንኳ አልዘለሉም። መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹን አስተካክለው አስቀመጡ። «ያውቁ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር። ለእህቴ ልጅ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋት ነው።» አጎቷ ተነሡ፤ ሲነሡ ሁለቱን ጥቁር እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ በሙሉ መዳፋቸው አሳረፉ። «አውቆ ዝም አለ ብላችሁ ጻፉብኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። እጁ ሳተ ብላችሁ ግን አትጽፉም። ይሄ እጅ አልሳተም።»

«ጥሩ፣ መፍትሔው ተገኘ» አለ ቶሎ ቶሎ። «ምድጃውን እናዘገያለን፣ ያለፈው አለፈ። ወደ ፊት እንይ...»

«አንተ ወደ ኋላ ታያለህ!» አለችው ቅንጣት። አንተ አለችው፤ ሁሉም ሰማ። ስልኳን አውጥታ ሥራ አስኪያጇ ፊት አኖረች። ከስምንት ወር በፊት የላከላት መልእክት ነው፤ ልማዱ ሆኖ አጭር ነበር፦ «ገጽ 11 አውጪው። ቶሎ።»

ቶሎ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

እውነት ወጣ፣ ፍርድ ግን እንደ ቢጫው ነው፤ እኩል አይከፋፈልም። የዚያን ቀን ምድጃው ዘገየ። የመዛወሪያው ደብዳቤ ተቀደደ። በሳምንቱ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፦ አንዱ «እያወቁ ባለማሳወቅ» ለአጎቷ፣ ሌላው «ያልተረጋገጠ ሪፖርት በማቅረብ» ለእሷ። መስኮት ያለውን ክፍልም መለሰች። ቶሎ ቶሎ «በቃል ተመከረ»። ተመከረና በወሩ የጎብኚዎች ቡድን ሲመጣ፣ የቅንጣትን አዲሱን ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ «የእኛ አዲስ ግኝት» አለ። ከሥሩ ስም አልነበረም።

ቅንጣት ይህን ሰምታ ከማደባለቂያ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ደሟ ፈልቶ ቃል ሁሉ ተደበላልቆባት ነበር። «ስሜን! ውሸት ሲሆን ስሜን ያደርጋል፣ እውነት ሲሆን...»

አጎቷ ከበርሜሉ አጠገብ ቆመው ከመቅዘፊያው ላይ ቡኮው ሲወርድ ያያሉ። ሰኞ ነው። «በሩን ዝጊና ነይ» አሉ። «ያንን ደብዳቤሽን ይዘሻል?»

«የቱን ደብዳቤ?»

«ማስጠንቀቂያሽን።»

ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለምን ይዛው እንደምትዞር ራሷም አታውቅም። አጎቷ ከዚያ ቀን ንጣፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆረጡ፤ በጥፍራቸው ታቹን ጫር አደረጉ፤ አሸቱት፤ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ደብዳቤዋን ተቀብለው፣ ማኅተሙ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው፣ ቁራጩን ጠቀለሉበት። መሳቢያው ውስጥ ባለፈው ሰኞ ጥቅል ላይ የራሳቸው ደብዳቤ ማኅተም በጠርዝ በኩል ብቅ ብሎ አየችው።

«ወፍራም ወረቀት ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ቶሎ አይገኝም።»

ሳትፈልግ ሳቀች፤ ንዴቷ ግን አልወጣም፣ እዚያው አለ። አጎቷ ጥቅሉንና እርሳሱን ሰጧት።

«ጻፊ። ቀኑን፣ ያየሽውን፣ ከሥሩም ስምሽን።»

ጻፈች፦ «ምድጃው ዘግይቷል። ታቹ ይዟል።» ስሟንም ከሥሩ ጻፈች፣ በትልቁ።